60 ማይል በእግር፣ 2,300 ዶላር በልመና፦ ልሂድ ወይስ ልተወው?

ደብዳቤው፦

«እትዬ እንደምን አለሽ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ 46 ዓመቴ ነው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው የምሰራው። ታላቅ እህቴ አገር ቤት በጡት ካንሰር ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፣ ሲገኝባት 44 ዓመቷ ነበር። የሥራ ጓደኞቼ ኅዳር ላይ ሳን ዲዬጎ ለሚደረገው የሦስት ቀን የጡት ካንሰር የእግር ጉዞ ቲም ሲያቋቁሙ የእህቴ ነገር መጣብኝና ሳላስበው ተመዘገብኩ። አሁን ሳየው 60 ማይል ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ደግሞ ቢያንስ 2,300 ዶላር ማሰባሰብ አለበት። ባለቤቴ "አሜሪካ የመጣነው ልንለምን ነው እንዴ፣ ያውም ለፈረንጅ ድርጅት" ይለኛል። እናቴ ስትሰማ ስልክ ላይ አለቀሰች፣ "የልጄን በሽታ አደባባይ እንዳታወጪው፣ ሴት ልጆች አሏት" አለችኝ። ልጆቿ 23 እና 19 ናቸው፣ ለለቀስተኛው የተነገረው ጉበት ነው ተብሎ ነው። እኔ ደሞ ከመኪና ማቆሚያ እስከ ሥራ ቦታ ካልሆነ በእግሬ ሄጄ አላውቅም፣ የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ፣ ጉዞው የሚጀምረው ዓርብ ነው ዓርብ ደሞ ጾም ነው። ልሂድ ወይስ ልተወው? መንገደኛዋ።»

መንገደኛዬ፣ መጀመሪያ ለእህትሽ ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽን ሦስቴ ነው ያነበብኩት፣ ሦስተኛው ላይ አንድ የጎደለ ነገር አየሁ፣ ግን እሱን ቆይቼ ነው የምመጣበት። ለጥያቄሽ ሳላንዛዛ፦ ሂጂ። እግርሽ ይችላል፣ ገንዘቡም ይሞላል። ከባዱ የእናትሽ ነገር ነው።

እኔ ይሄን ጉዞ አንዴ ሄጄዋለሁ ስለዚህ ከወሬ አይደለም የምነግርሽ። 60 ማይል ማለት 96 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፣ ባገራችን ስታስቢው ከአዲስ አበባ አዳማ እንደመሄድ በይው፣ በሦስት ቀን። በቀን 20 ማይል ሲባል ያስደነግጣል ግን የሚሮጥ የለም፣ በሰዓት ሦስት ማይል ከሄድሽ ሰባት ሰዓት ነው፣ ከነእረፍቱ ከነሽንት ቤት ወረፋው ዘጠኝ ሰዓት። አንቺ ደብል ሺፍት ስትሰሪ ስንት ሰዓት ነው ቆመሽ የምትውዪው? ለገና ላሊበላ የሚሄዱት እናቶች ስንቃቸውን አዝለው በባዶ እግር ጭምር ስንት ቀን ነው የሚጓዙት? አንቺ ምንም አታዝዪም እኮ፣ ሻንጣሽን ጠዋት ለጭነት መኪና ሰጥተሽ ማታ ካምፑ ላይ ታገኚዋለሽ፣ በየሁለት ሦስት ማይሉ ውሃና መክሰስ ያለበት ማረፊያ አለ፣ ሐኪሞች አሉ፣ የደከመውን ሰው እየለቀሙ ወደሚቀጥለው ማረፊያ የሚያደርሱ ቫኖችም መንገዱ ላይ ይመላለሳሉ። ቫን ላይ መውጣት ነውር አይደለም። እኔ ወጥቻለሁ።

ለምን ወጣሽ በይኝ። ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት ቆንጆ ነው ብዬ አዲስ ስኒከር ገዛሁ፣ ካልሲው ደሞ ከቤት የያዝኩት የጥጥ ካልሲ ነው፣ ሳን ዲዬጎ ባህር ዳር ስለሆነ መንገዱ በሙሉ ሜዳ መስሎኛል፣ ቶሪ ፓይንስ የሚሉት ዳገት አለ እሱ ላይ ስደርስ ነው ተረከዜ መጋል የጀመረው፣ "ትንሽ ነው ይሄ" ብዬ ዝም አልኩት፣ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ሁለቱም ተረከዜ የሎሚ ግማሽ የሚያህል ውሃ ቋጥሯል። ሁለተኛው ቀን ግማሹን መንገድ ቫን ውስጥ ተቀምጬ የሰው እግር እያየሁ ነው የሄድኩት። ስለዚህ ጫማሽን አሁን ግዢ፣ አሁን ሰኔ ላይ፣ ከምታደርጊው በግማሽ ወይም በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ ምክንያቱም ረጅም መንገድ ላይ እግር ያብጣል። ሱቅ ስትሄጂ ከሥራ በኋላ ሂጂ እግርሽ አበጥ ሲል። ካልሲ የሱፍ ወይም ላብ የሚያደርቀው የስፖርት ካልሲ እንጂ ጥጥ አይሆንም፣ ጥጥ ላቡን ይዞ ቁጭ ይላል። ቀን ላይ የምትቀይሪው ሌላ ካልሲ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። የእግር ጥፍርሽን ከሦስት አራት ቀን በፊት ቁረጪው፣ በጣቶችሽ መሀል ቫዝሊን ቀቢ፣ ቦታው ጋል ሲልሽ ደቂቃ ሳትቆዪ መንገድ ዳር ቁጭ ብለሽ ፕላስተር ለጥፊ። የቲምሽ ሰዎች ይጠብቁሻል፣ ካልጠበቁሽም ይሂዱ። ቀለበትሽን ደሞ ቤት ተይው፣ እጅም ያብጣል፣ ይሄን ማንም አይነግርሽም።

ልምምድ። አምስት ወር አለሽ፣ ይበቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሦስት ማይል ብቻ፣ ከዛ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ። እናንተ ሰፈር ስላይጎ ክሪክ የሚባል የእግር መንገድ አለ፣ ጥላ ነው ሜዳ ነው፣ ሰውም አይጠፋበትም። ሲለምድልሽ ካፒታል ክሬሰንት በሚባለው የእግር መንገድ ከቤተዝዳ ጆርጅታውን ውረጂ፣ ከዛ ደሞ ሲ ኤንድ ኦ የሚባለውን ካናል ይዘሽ ሽቅብ፣ ያ መንገድ ከጆርጅታውን ከምበርላንድ ድረስ 184 ማይል ተኩል ስለሆነ አለቀብኝ አትዪም። ዋናው ነገር ቅዳሜና እሁድን አከታትሎ መሄድ ነው፣ አንድ ቀን 15 ማይል ሄዶ ሳምንቱን መተኛት ማንም ይችላል፣ የሚፈትነው በማግስቱ ያንኑ እግር ጫማ ውስጥ መልሶ ማስገባት ነው። ጥቅምት ላይ ቅዳሜ 18 እሁድ 15 ማይል ከሄድሽ ሦስተኛው ቀን በወኔ ያልቃል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁንልሽ፣ ቆመሽ ማስቀደስሽንም እኔ እንደ ልምምድ ነው የምቆጥረው (የነፍስ አባትሽ እንዳይሰሙኝ)።

ስለ ጾሙ፣ ጉዞው ዓርብ ተጀምሮ እሁድ ነው የሚያልቀው ስለዚህ የሚነካሽ አንድ ቀን ነው፣ ጽጌንም የምትጾሚ ከሆነ የፈቃድ ጾም ነው እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ምግቡ አያሳስብሽ፣ ማረፊያው ላይ ሙዝ ብርቱካን ምናምን አይጠፋም፣ የኦቾሎኒ ቅቤም ስሙ ነው እንጂ የጾም ነው። ጥያቄው እስከ ስንት ሰዓት ሳትበዪ ትሄጃለሽ የሚለው ነው። ሃያ ማይል በባዶ ሆድ፣ ከግፊት ክኒን ጋር፣ እኔ አልፈቅድልሽም፣ ግን እኔ ቄስ አይደለሁም፣ የነፍስ አባትሽን አሁኑኑ ጠይቂያቸው፣ ክኒኑንም ንገሪያቸው። እኔ ይዤ የሄድኩት በሶ ነበር፣ የፈረንጆቹን ኤነርጂ ባር ሁሉ ያስናቀ፣ በኮዳ ውሃ በጥብጠሽ ጨው ጣል አርገሽበት ትጠጫለሽ፣ ዳቦ ቆሎም ኪስ ውስጥ ይያዛል። ብቻ በሶውን በሚጫነው ሻንጣ ክተቺው፣ ኤርፖርት ላይ ዱቄት በእጅ ይዘሽ ስትገቢ ጥያቄው አያልቅም፣ የኔን ከፍተው አሽትተውታል። ውሃ ላይ ደሞ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ከጠጣሁ ጥሩ ነው ብሎ ነው፣ ጨው ሳይኖር ውሃ ብቻ ስትግቺ ብትውዪ ደምሽ ውስጥ ያለው ጨው ይቀንስና ራስ ያዞራል ያስመልሳል፣ ከዛም ሊብስ ይችላል። ሲጠማሽ ጠጪ፣ ጨዋማ ነገር ብዪበት።

ክኒኑን በተመለከተ ሐኪምሽ ጋ ሂጂና "በቀን 20 ማይል ለሦስት ቀን ልሄድ ነው" በያት። ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ክኒን ከሆነ መጠኑ ሊያነጋግራችሁ ይችላል፣ እራስሽ እንዳታቋርጪው። እግር አመመኝ ብለሽም አይቡፕሮፊን እንደ ቆሎ አትቃሚ፣ ግፊት ላለበት ሰው በላብ ላይ ጥሩ አይደለም።

ማታውን ባጭሩ፣ ሮዝ ድንኳን ነው ለሁለት ሰው፣ ሻወር ትላልቅ መኪና ውስጥ ነው፣ ኅዳር ስለሆነ አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ድንኳኑ በጤዛ ይበሰብሳል። ጋቢ ያዢ። የጆሮ ማስኪያም ያዢ፣ ሺህ ሰው ሲያንኮራፋ ሰምተሽ አታውቂም መቼም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ባለቤትሽ ልመና ነው አለ። እስቲ ጠይቂው፣ እዚህ ዲሲ አካባቢ ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ስንት ጊዜ ከኪሱ አውጥቷል? እሱ ራሱ ዝርዝር ይዞ ዞሮ አያውቅም? ለሞተ ሰው ስንሰበስብ በሁለት ማታ ስንት ሺህ ይሞላል፣ ማንም ልመና አይለውም፣ እድር ነው ወግ ነው ይባላል። እንዳይሞቱ ሲሰበሰብ ነው ልመና የሚሆነው?

ግን ሁለተኛው ያለው ነገር፣ "ለፈረንጅ ድርጅት" ያለው፣ እሱ በቁጣ አይመለስም፣ ጥያቄው ጥያቄ ነው። ጉዞውን የሚያዘጋጀው ሱዛን ጂ. ኮመን የሚባለው ትልቁ የጡት ካንሰር ድርጅት ነው። ስሙ የሰው ስም ነው፣ ሱዛን የምትባል የኢሊኖይ ሴት በ1980 በ36 ዓመቷ በዚሁ በሽታ ሞተች፣ ታናሽ እህቷ ናንሲ ብሪንከር በገባችላት ቃል መሠረት በ1982 ዳላስ ላይ አቋቋመችው። ለምርምርም ለሕሙማን ድጋፍም ብዙ አውጥቷል፣ ወቀሳም አይቷል፣ በ2012 ፕላንድ ፓረንትሁድ ከሚባለው የቤተሰብ ምጣኔና የውርጃ አገልግሎት ከሚሰጥ ድርጅት ጋር በተነሳው ውዝግብ ብዙ ሰው ተቀይሞት ነበር። ጉዞውም ዱሮ ዲሲ ይደረግ ነበር፣ ተጓዡ ሲያንስ ከ2013 በኋላ ከብዙ ከተሞች ጋር ተሰረዘ፣ ለዚህ ነው ሳን ዲዬጎ ድረስ የምትበሪው። ፎርም 990 የሚባል በየዓመቱ ለመንግሥት የሚያስገቡት ሰነድ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፣ ስንቱ ለሥራው ስንቱ ለደሞዝና ለማስታወቂያ እንደወጣ ይታያል። ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ክፈቱት። አንብባችሁ ካልጣማችሁ ደሞ አገር ቤት ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ አለ፣ ልጃቸውን በሉኪሚያ ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት፣ ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና አዲስ አበባ የሚመጡ ሕሙማንን ይረዳል። ለብዙ ዓመት እኮ በዚያ ሁሉ ሕዝብ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፣ እህትሽም ወረፋውን ሳታውቀው አትቀርም። እኔ ብሆን ዘንድሮ ከቲሜ ጋር እሄዳለሁ፣ ተመዝግበሻል ቃል ገብተሻል፣ ለከርሞ የራስሽን ጉዞ እዚሁ ካናሉ ላይ አዘጋጅተሽ ለአገር ቤት ትሰበስቢያለሽ። ባልሽን ያን ጊዜ ገንዘብ ያዥ አድርጊው።

አሰባሰቡን እንዲህ አርጊው። 2,300 ማለት 46 ሰው ሃምሳ ሃምሳ ዶላር ማለት ነው፣ ዕድሜሽንም 46 አልሽኝ፣ "ለያንዳንዱ ዓመቴ አንድ ሰው" ብለሽ ጀምሪ። ኢንተርኔት ላይ ያለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽሽ ላይ መጀመሪያ የራስሽን አስገቢ፣ ባዶ ገጽ ላይ ማንም ቀድሞ መስጠት አይወድም። ከዛ ወረቀት ላይ ስም ጻፊና አንድ ባንድ ደውዪ። 300 ሰው ያለበት ቫይበር ግሩፕ ላይ ሊንክ ወርውረሽ ብትቀመጪ ሁሉም አሜን እያለ እጁን የጸሎት ኢሞጂ ያደርግልሻል፣ ገንዘብ ግን የለም፣ ሁሉም ሌላው ሰጥቷል ብሎ ነው የሚያስበው። የሰጠ ሰው ሁሉ መሥሪያ ቤቱ ማቺንግ (ሠራተኛው በሰጠው ልክ የሚጨመር ገንዘብ) ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቅ፣ ሃምሳው መቶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅደሽ ከቅዳሴ በኋላ ቡናና ድፎ ዳቦ መሸጥ ይቻላል። ሥራ ቦታ ግን የምትንከባከቢያቸውን ሽማግሌዎችና ቤተሰቦቻቸውን እንዳትጠይቂ፣ ቢሰጡሽ እንኳን ሥራሽ ላይ ጣጣ ያመጣብሻል። ካሽ የሚሰጥሽ ሰው ይኖራል፣ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) የሚልክልሽም፣ ያንኑ ማታ በሰጪው ስም ገጹ ላይ አስገቢው፣ ደረሰኙ ለሱ ይሂድ፣ ከቤት ገንዘብ ጋር አንድ ቀን እንኳን አይደር። በገንዘብ ነገር የሐበሻ ሐሜት ከ60 ማይል በላይ ነው የሚጓዘው። የአውሮፕላን ቲኬትሽና መመዝገቢያው ከራስሽ ኪስ ነው፣ ከ2,300ው ውስጥ አይቆጠርም። ያስገባሽውን ፎርም ደሞ አንብቢው፣ ካልሞላ የጎደለውን ማን ነው የሚከፍለው የሚለውን አሁን እወቂ።

የእናትሽ ነገር።

እሳቸው ሞኝ አይደሉም። የፈሩት እውነት ነው፣ "ዘር ነው" ተብሎ ለልጆቹ ትዳር ይጠፋል ብለው ነው፣ እኛ አገር ለሌላም ለሌላም በሽታ እንደዛ ሲባል አይተዋል። ስለዚህ "ዘመናዊ ሁኚ እማዬ" ብለሽ እንዳትጀምሪ። ግን ደሞ ጉበት ተብሎ የተነገረው ነገር ለለቀስተኛው ብቻ ነው ወይስ ለልጆቹም? ደብዳቤሽ አይናገርም። ለልጆቹም ከሆነ ነገሩ የክብር ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። እናት በ44 ዓመቷ የጡት ካንሰር ከተገኘባት ሴት ልጆቿ ለሐኪማቸው መናገር አለባቸው፣ ብዙ ሐኪሞች የጡት ምርመራ ክትትሉ እናትየው ከታወቀባት ዕድሜ አስር ዓመት ቀደም ብሎ ይጀመር ይላሉ፣ ለነሱ 34 ማለት ነው፣ ትልቋ ዘንድሮ 23 ናት። በነገራችን ላይ በዘር የሚተላለፈው ከመቶ አምስት እስከ አስር የሚሆነው ብቻ ነው፣ ይሄን ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ ትንሽ ይቀላቸው ይሆናል። ጡት ውስጥ ብቻ ሳለ ሲደረስበት እዚህ አሜሪካ ከ100 ሴት 99ኙን ገደማ ካንሰሩ በአምስት ዓመት ውስጥ አይገድላቸውም። አገር ቤት ብዙዎቹ ሐኪም ጋ የሚደርሱት እብጠቱን ደብቀው ደብቀው፣ ጠበል ብለው ምን ብለው፣ ከረፈደ በኋላ ነው። እህትሽስ ስንት ወር ነው የደበቀችው? አትንገሪኝ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ።

እኔ የምለው ሚስጥሩ ካንቺም ከእናትሽም በፊት የልጆቹ ነው። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ገጹ ላይ ምንም ሳትጽፊ በፊት ደውዪላቸው፣ ለየብቻ፣ የማያውቁ ከሆነ በቪዲዮ፣ ቢቻል ታላቅየዋ ሰው አጠገቧ እያለ። እሺ ካሉሽ የእናታቸውን ስምና ፎቶ አውጪ፣ እናትሽንም ራሳቸው የልጅ ልጆቹ ያናግሯቸው፣ ካንቺ ይልቅ እነሱን ይሰማሉ። እምቢ ካሉ "ለእህቴ" ብቻ ብለሽ ጻፊ፣ ስም የለ ፎቶ የለ፣ ሮዝ ቲሸርት የለበሰች ሴት "ለእህቴ" ስትል የገባው ይገባዋል። ውሸት ግን አትጻፊ፣ ጉበት የሚለውን ከዚህ በኋላ ባፍሽ አትድገሚው፣ ማንም ቢጠይቅሽ "እሱን አልነግርህም" ማለት ይቻላል እኮ።

የጎደለኝ ነገር ያልኩሽን ልንገርሽ። እህትሽ አለች፣ እናትሽ አሉ፣ ባልሽ፣ ልጆቹ፣ ክኒኑ፣ ጾሙ ሁሉ አለ፣ አንቺ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነስተሽ ታውቂያለሽ? 46 ዓመትሽ ነው፣ እዚህ አገር ምንም የቤተሰብ ታሪክ የሌላት ሴት እንኳን ከ40 ዓመቷ ጀምራ በየሁለት ዓመቱ ተመርመሪ ነው የምትባለው፣ አንቺ ደሞ የእናትሽ ልጅ፣ የገዛ እህትሽ ናት የሞተችው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ክኒን ሰዓት ስትጠብቂ የምትውይ ሴት ይሄን ሳታውቂው ቀርተሽ አይመስለኝም። ስለ ክኒኑ ለመጠየቅ ሐኪምሽ ጋ መሄድሽ አይቀርም፣ በዛው ስለ እህትሽም ንገሪያት፣ ዕድሜዋን ጨምረሽ፣ የዘር ምርመራ ያስፈልገኝ ይሆን ብለሽም ጠይቂያት። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለግሽ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ባልሽ ከሚያስተረጉምልሽ እሱ ይሻላል።

የገጽሽን ሊንክ ዛሬውኑ ላኪልኝ፣ ከ46ቱ አንዷ እኔ ነኝ። ሃምሳ ዶላሩን ግን የምልከው የማሞግራም ቀጠሮሽ ስንት ቀን እንደሆነ የጻፍሽልኝ ማታ ነው።

እትዬ